የነጋዴ ዳኝነት በካልካታ

ካልካታ ውስጥ የነጋዴ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ምክንያት የሆነው የሙታን ንብረት ነው። የእንግሊዝ ምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ሰው የነበረው ጆብ ቻርኖክ በ1690 በሁግሊ ወንዝ ዳር ሰፈረ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከ8 ዓመት በኋላ ኩባንያው በሱታኑቲ፣ በካሊካታና በጎቢንድፑር መንደሮች ግብር የመሰብሰብ መብት ገዛ። ከለንደን የሚላከው ወጣት ጸሐፊ ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ስለነበረ በጎን ለራሱ ይነግዳል። ሐር ይገዛል፣ ጥጥ ይሸጣል፣ ያበድራል፣ ይበደራል። ብዙ ጊዜ ግን ሀብቱን ይዞ አገሩ ሳይገባ ወባው ወይም ተቅማጡ ይቀድመዋል። ሲሞት በመጋዘን ዕቃ፣ በባሕር ላይ ሸቀጥ፣ በሰው እጅ ገንዘብ ጥሎ ነው።

ኩባንያው የሟቹን ንብረት በጨረታ ሸጦ ዕዳውን ያጣራል። ለንደን ያሉት ወራሾች ደግሞ በማን ሥልጣን ሸጣችሁ ብለው እዚያው ለንደን ይከሱታል። ካልካታ የተሰጠ ውሳኔ በእንግሊዝ ዳኛ ፊት ዋጋ አልነበረውም። ኩባንያው በገዛ ሠራተኞቹ ሬሳ ሳቢያ ኪሱ ሲራቆት ንጉሡን ፍርድ ቤት ስጠን ብሎ ለመነ።

ንጉሡ ቀዳማዊ ጆርጅ በ1726 ለማድራስ፣ ለቦምቤይና ለካልካታ በአንድ ቻርተር ሦስት ፍርድ ቤቶች ፈቀደ። ስማቸው የከንቲባው ፍርድ ቤት ሆነ። በእያንዳንዱ አንድ ከንቲባና ዘጠኝ አማካሪዎች ለዳኝነት ይቀመጣሉ፤ ከዘጠኙ ሰባቱ በትውልድ የእንግሊዝ ዜጋ መሆን ነበረባቸው። ብድር፣ ውል፣ ሽርክና፣ ኑዛዜና ውርስ ያያሉ። ይግባኝ ለኩባንያው ገዢና ለምክር ቤቱ ይቀርባል። ክርክሩ ከ1,000 ፓጎዳ በላይ ከሆነ (ፓጎዳ በደቡብ ህንድ ይሠራበት የነበረ የወርቅ ገንዘብ ነው) ባሕር ተሻግሮ ለንጉሡ ይደርሳል።

ከዳኞቹ ሕግ የተማረ አንድም አልነበረም። ሁሉም ነጋዴዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም የኩባንያው ደመወዝተኞች። ጠዋት ችሎት ላይ የሚፈርደው ሰው ከሰዓት በኋላ ከተከሳሹ ጋር ጨው ሲደራደር ሊገኝ ይችላል። በዚህ የሚደነቅ የለም፤ በአውሮፓ ወደቦችም ነጋዴ በነጋዴ ላይ መፍረዱ የቆየ ልማድ ነበር። የካልካታው መከራ ዳኛው፣ ከሳሹ፣ ይግባኝ ሰሚውና የመርከቡ ባለቤት ሁሉም የአንድ ድርጅት ሰዎች መሆናቸው ነው።

ኩባንያው ግን አንድ መልካም ልማድ ነበረው፤ የማይጽፈው ነገር የለም። የችሎቱ ጸሐፊ ክሱን፣ መልሱን፣ የምስክሩን ቃል፣ ውሳኔውን ይመዘግባል፤ የመዝገቡም ግልባጭ በመርከብ ለንደን ይላካል። ለንደን ያሉት የኩባንያው ዲሬክተሮች ሰዎቻቸውን ስለማያምኑ ማየት ይፈልጉ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ፍርድ ቤት የምናውቀው ከዚህ አለመተማመን የተነሣ ነው።

በመዝገቦቹ ዘመን ከተማዋን ካሟሟቋት ግብይቶች አንዱ የመርከብ ብድር ነው። አንድ የኩባንያ ጸሐፊ ወደ ባስራ ወይም ወደ ጅዳ የሚሄድ ሸቀጥ መጫን ፈልጎ ገንዘብ ያጥረዋል። አንድ ባንያን ያበድረዋል፤ ባንያን የእንግሊዙ ደላላ፣ አስተርጓሚ፣ ገንዘብ ያዥና አበዳሪ የሆነ የቤንጋል ነጋዴ ነው። ውሉ እንዲህ ይላል፤ መርከቧ በሰላም ከደረሰች ተበዳሪው ዋናውን ከከባድ ወለድ ጋር ይመልሳል፤ ከሰመጠች አበዳሪው ከሰረ፣ ምንም አይጠይቅም። ወለዱ የከበደው ማዕበሉን፣ የባሕር ሽፍታውንና ሰነፉን ካፒቴን ሁሉ የሚሸከመው አበዳሪው ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ውል ለሙግት የተፈጠረ ይመስላል። መርከቧ በእርግጥ ሰምጣለች? ሸቀጡስ ተጭኖ ነበር? ካፒቴኑ መንገድ ቀይሮ ቢሆንስ? ምስክሮቹ መርከበኞች ናቸው፤ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ በሌላ መርከብ ሄደዋል። ዳኞቹ ብዙ ጊዜ በወረቀት ላይ ተመሥርተው ለመፍረድ የተገደዱት ለዚህ ነው።

መሐላም ሌላ ጣጣ አመጣ። እንግሊዙ በመጽሐፍ ቅዱስ ይምላል፤ ሂንዱውስ? በ1736 የማድራሱ ፍርድ ቤት ሁለት ሂንዱ ነጋዴዎችን በቤተ መቅደስ ማሉ ብሎ አዘዘ። እምቢ አሉ። ዳኞቹ አሰሯቸው፤ ከተማው ሲንጫጫ ገዢው አስፈታቸው፤ ዳኞቹ በገዢው ላይ ቂም ያዙ። ነጋዴ በሚምልበት ነገር ቀልድ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ በሐሰት ማለ ከተባለ ነገ የሚያበድረው የለም። ይህ ለዳኞቹ የተሰወረ መሆኑ ይገርማል፤ እነሱም ነጋዴዎች ነበሩና።

በ1753 አዲስ ቻርተር መጣ። ፍርድ ቤቱ ህንዶች እርስ በርስ የሚካሰሱበትን ጉዳይ ሁለቱም ወገኖች ካልተስማሙ በቀር እንዳያይ ተከለከለ። ከ5 ፓጎዳ የማይበልጥ ጥቃቅን ክርክር የሚያይ ሌላ ችሎት ተቋቋመ። ከንቲባውን የመምረጡ የመጨረሻ ቃል ለገዢውና ለምክር ቤቱ ተሰጠ። ቀድሞውንም እምብዛም ያልነበረው የዳኞች ነፃነት በዚህ ተቋጨ።

በሰኔ 1756 ካልካታ ያለችበት የቤንጋል ናዋብ (ገዢ) ሲራጅ ኡድዳውላ ካልካታን ያዘ። በጥር 1757 የኩባንያው የጦር አዛዥ ሮበርት ክላይቭ ከተማዋን ሲመልስ እዚያ የነበረው የኩባንያው መዝገብ አብዛኛው ጠፍቶ ነበር። የ30 ዓመት ዕዳ፣ ኑዛዜና መሐላ አብሮ ሄደ፤ የተረፈው ለንደን የተላከው ግልባጭ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ኩባንያው ናዋቡን በፕላሲ ጦርነት ድል ነሣ፤ በ1765 ደግሞ የህንዱ የሙጋል ንጉሥ የቤንጋልን ግብር የመሰብሰብ ሥልጣን ለኩባንያው ሰጠ። የትናንቱ ቸርቻሪ የሚሊዮኖች ገዢ ሆነ፤ የሚከሰስበት ፍርድ ቤት ግን ያው የቸርቻሪዎቹ ችሎት ነበር።

በዚህ ጊዜ ከዳኞቹ መካከል ዊሊያም ቦልትስ የሚባል ሰው እናገኛለን። አምስተርዳም የተወለደ፣ በ1760 ቤንጋል የገባ፣ ቤንጋሊኛ የተማረና በጨውና በኦፒየም ንግድ በአጭር ጊዜ የከበረ ሰው ነው። ንጹሕ ሰው አልነበረም፤ እሱ ራሱ በኩባንያው ሰዎች ዘረፋ ተካፋይ ነበር። ነገር ግን ከአለቆቹ ጋር ሲጣላ ምስጢራቸውን ሁሉ ያውቅ ስለነበር አደገኛ ሆነ። በ1768 በምክር ቤቱ በር ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ፤ በከተማው ማተሚያ ቤት አለመኖሩ ንግዱን እንደጎዳ፣ ማተሚያ ማቋቋም ለሚፈልግ እንደሚረዳ፣ በእጁ ያሉትንም ጽሑፎች ማንበብ ለሚሻ ቤቱ ክፍት መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ገዢው ሃሪ ቬረልስት የፈራው መጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ይመስለኛል። ቦልትስን፣ የከንቲባው ፍርድ ቤት ዳኛ የነበረውን ሰው፣ ወታደር ልከው ይዘው መርከብ ላይ ጫኑት።

ከቦልትስ ጋር የሚሠሩ አርመን ነጋዴዎች ቀድመው በዚያው ዓመት ተይዘው ነበር። አርመን ነጋዴ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የአፄ ፋሲል መልእክተኛ ሆኖ ወደ ሙጋሉ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ ግቢ የሄደው ሙራድ አርመን ነበር። ግሪጎር ኾጃማልና ዮሐንስ ፓድሬ ራፋኤል ሰሜን ህንድ ውስጥ፣ በአዋዱ ናዋብ በሹጃ ኡድዳውላ ግዛት ይነግዱ ነበር። ያለ ክስ ታሰሩ፤ ያሳሰራቸው ቬረልስት መሆኑን ያውቃሉ። ግን ለማን አቤት ይበሉ? የካልካታው ችሎት የቬረልስት ነው።

ለንደን ሄዱ። በዚያ ዘመን አንድ የእስያ ነጋዴ ግማሽ ዓለም ዞሮ የቤንጋልን የቀድሞ ገዢ በአገሩ ዋና ከተማ መክሰሱ ድፍረት ነበር። ቬረልስት ያሰራቸው ናዋቡ ነው፣ ናዋቡ ደግሞ የራሱ ግዛት ጌታ ነው ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን በ1776 ናዋቡ ያደረገው ቬረልስትን ፈርቶ ስለሆነ ተጠያቂው ያስፈራራው ነው አለ። የተፈረደበት ካሳ ከባድ ነበር፤ ቬረልስት በኋላ በዕዳ ተይዞ አገሩን ለቆ በ1785 ፈረንሳይ ቡሎኝ ውስጥ ሞተ። ቦልትስ ደግሞ በ1772 ባሳተመው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ስሙን የጻፈው የካልካታ ነጋዴና የከንቲባው ፍርድ ቤት ዳኛ ብሎ ነው። የመጽሐፉ ጩኸት ፓርላማውን ካነቃቁት ነገሮች አንዱ ሆነ።

በ1773 የወጣው አዋጅ ካልካታ በሕግ ሰዎች የሚመራ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲኖራት አዘዘ። ኤላይጃ ኢምፒ የበላይ ዳኛ፣ ሮበርት ቻምበርስ፣ ስቲቨን ለሜስተርና ጆን ሃይድ ረዳቶቹ ሆነው በጥቅምት 1774 ደረሱ። የከንቲባው ፍርድ ቤት ተሻረ፤ መዝገቡ ለአዲሱ ተላለፈ። ከተላለፉት ወረቀቶች አንዱ ሰው ገደለ።

ቡላኪ ዳስ የሚባል ባንከኛ በ1769 ሲሞት ኑዛዜው በከንቲባው ፍርድ ቤት ጸደቀ፤ ሰነዶቹም እዚያው መዝገብ ቤት ገቡ። ከእነሱ መካከል በ1765 የተጻፈ የ48,021 ሩፒ የዕዳ ሰነድ ነበር። ሰነዱ የቤንጋል ሹም የነበረው ማሐራጃ ናንዳኩማር ለባንከኛው በአደራ የሰጠው ዕንቁና ጌጥ በዘረፋ ስለጠፋ ባንከኛው ዋጋውን ሊከፍል ግዴታ መግባቱን ይገልጻል። ናንዳኩማር ከውርሱ ገንዘቡን ወሰደ። የሟቹ ወገን የሆነው ሞሐን ፕራሳድ ሰነዱ ሐሰተኛ ነው ይል ነበር፤ ዋናው ሰነድ ግን በአሮጌው ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ተቆልፎበት ቆየ። አዲሱ ፍርድ ቤት መጣ፣ ሰነዱም ወጣ።

እስከዚህ ድረስ ተራ የውርስ ሙግት ነው። በመጋቢት 1775 ግን ናንዳኩማር ጠቅላይ ገዢውን ዋረን ሄስቲንግስን በጉቦ ከሰሰ፤ በምክር ቤቱ ውስጥ ያሉት የሄስቲንግስ ጠላቶች ክሱን በደስታ ተቀበሉ። ግንቦት 6 ቀን ናንዳኩማር ራሱ ሰነድ በማስመሰል ወንጀል ተያዘ። ሰኔ 8 ቀን ችሎቱ ተከፈተ። ሙቀቱ የሚታወቅ ነው። ዳኞቹ በዊግና በከባድ ካባ ተቀምጠው በቀን ሦስት አራት ጊዜ ሸሚዝ ለመቀየር ይነሡ እንደነበር በከተማው ሲተረክ ቆይቷል። ተከሳሹ 70 ዓመት ገደማ የሆነው ብራህሚን ነው። 12ቱ የዳኝነት ሸንጎ አባላት ሁሉም ከአውሮፓውያን ወገን ናቸው። ምስክር በቤንጋሊ፣ በፋርስና በሂንዱስታኒ ይናገራል፤ አስተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳል።

የክርክሩ እምብርት ሰም ላይ የሚታተም ሳይሆን በቀለም የሚመታ አንዲት ትንሽ ማኅተም ነበረች። በዚያ ዘመን በቤንጋል ሰነድን የሚያጸናው የእጅ ጽሕፈት ሳይሆን ማኅተም ነበር። ከምስክሮቹ ማኅተሞች አንዱ የካማሉዲን ኻን ነበር። ካማሉዲን ቀርቦ ማኅተሙ የእኔ ነው፣ እኔ ግን አልመታሁም፣ ከዓመታት በፊት ማኅተሜን ለናንዳኩማር ልኬለት ነበር፣ አልመለሰልኝም አለ። መከላከያው በሰነዱ ላይ ያለው ስም የሌላ፣ የሞተ ካማል ነው ብሎ ምስክር አመጣ። ዳኞቹ ራሳቸው የመከላከያውን ምስክሮች አጥብቀው ጠየቁ፤ ለዚህ ነው ብዙዎች እስከ ዛሬ ችሎቱን የማያምኑት። ሰኔ 16 ቀን ንጋት ላይ ጥፋተኛ ተባለ። ነሐሴ 5 ቀን 1775 በስቅላት ተገደለ።

ሄስቲንግስ ኢምፒን አዝዞታል ወይስ አላዘዘውም በሚለው ላይ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ከመቶ ዓመት በላይ ተከራክረዋል። እኔ የሚከብደኝ ሌላው ነው። የተፈረደበት በ1728 በለንደን ለወጣ ሕግ ነው፤ ሕጉ በባንክ ወረቀትና በሐዋላ የምትኖርን አገር ንግድ ለመጠበቅ ሰነድ ያስመሰለን በሞት የሚቀጣ ነው። በቤንጋል ሐሰተኛ ሰነድ የሚያስነቅፍ፣ የሚያስቀጣ ነገር ነበር፤ የሚያስሰቅል ግን አልነበረም። ካልካታ ራሷ ይህን ታውቅ ነበር። በ1765 ራዳ ቻራን ሚትራ የተባለ ሰው በዚያው ሕግ ሞት ተፈርዶበት ነዋሪዎቹ አቤት ሲሉ ምሕረት አግኝቷል። ለናንዳኩማር ምሕረት አልመጣም፤ ይግባኙንም ፍርድ ቤቱ አልፈቀደም። ሰውዬው ሰነዱን አስመስሎ ሊሆን ይችላል። ፍርዱ ግን ፍትሕ አልነበረም።

ቀጣዩ ጠብ ደግሞ ከብድር ተነሣ። ካሺናት ባቡ የተባለ የካልካታ አበዳሪ የካሲጆራን ባላባት በ1779 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከሰሰ። ምክር ቤቱ ባላባቱ ከፍርድ ቤቱ ሥልጣን ውጭ ነው፣ አትታዘዝ አለው። ፍርድ ቤቱ 60 ያህል የታጠቁ ሰዎች ላከ፤ ቤቱን ሰብረው የሴቶቹን እልፍኝና የጸሎት ክፍሉን ሳይቀር ደፈሩ። ምክር ቤቱ በበኩሉ ወታደር ልኮ የፍርድ ቤቱን ሰዎች ከነመሣሪያቸው አሰረ። የአንድ መንግሥት ሁለት ክንዶች ለአንድ ሰው ዕዳ ጦር ተማዘዙ። ሄስቲንግስ በ1780 ለኢምፒ በኩባንያው የይግባኝ ችሎት ላይ ተጨማሪ ሹመት ከጠቀም ያለ ደመወዝ ጋር ሲሰጠው ፀቡ በረደ። ለንደን ግን ይህን ጉቦ ብላ አየችው፤ ኢምፒ ተጠራ፣ በ1788 በፓርላማ እንዲከሰስ የቀረበው ሐሳብ ግን ሳይሳካ ቀረ።

ፓርላማው በ1781 ነገሩን አስተካከለ። ህንዶች እርስ በርስ በውል፣ በዕዳና በውርስ ሲካሰሱ ሂንዱው በሂንዱ ሕግ፣ ሙስሊሙ በእስልምና ሕግ ይዳኝ ተባለ። ዳኞቹ ግን ሁለቱንም አያውቁም። በ1783 የመጣው ዳኛ ዊሊያም ጆንስ ቋንቋ የሚያጠግበው ሰው ስላልነበረ፣ የሕግ አማካሪ ሆነው የተቀመጡትን ሊቃውንትም ስላላመነ ሳንስክሪት መማር ጀመረ። ስለ ውልና ውርስ ከጥንት መጻሕፍት የተውጣጣ ትልቅ የሂንዱ ሕግ ስብስብ እንዲዘጋጅ አደረገ፤ ሥራውን የመሩት ጃጋናት የተባሉ ታላቅ ሊቅ ናቸው። የእንግሊዝኛውን ትርጉም እንግሊዛዊው ኮልብሩክ ሲያጠናቅቅ ጆንስ በ1794 ሞቶ ካልካታ ተቀብሮ ነበር።

ጆንስ በሕይወት ሳለ ካልካታ ውስጥ ዐረብኛ የሚናገር አንድ ሐበሻ መኖሩን ሰማና አስጠራው። ስሙ አብራም፣ አገሩ ጎንደር ነው። ጆንስ እንደ ችሎት ምስክር አስቀምጦ ጠየቀው፤ ጎንደር ምን ትመስላለች፣ ዓባይ ከየት ይነሣል፣ ንጉሡ እንዴት ይኖራል? አብራም በጎንደር ያዕቆብ የሚሉትን እንግሊዝ ማየቱንም ተናገረ፤ ስኮትላንዳዊውን ተጓዥ ጄምስ ብሩስን ማለቱ ነው። ብሩስ ስለ ኢትዮጵያ ያወራውን ለንደን ውሸት እያለች ስትስቅበት ነበር፤ መጽሐፉም ገና አልታተመም ነበር። ጆንስ የአብራምን ቃል በ1788 በካልካታ በታተመው የእስያ ጥናት ቅጽ ውስጥ አወጣው። ብሩስ ጎንደር የመግባቱን እውነት በጽሑፍ ከመሰከሩለት ቀዳሚዎች አንዱ ህንድ ውስጥ የተገኘ ጎንደሬ ነው፤ ቃሉን የተቀበለውም የንግድ ሙግት የሚሰማ ዳኛ ነው።

ሌላው ዳኛ ጆን ሃይድ ከ1774 ጀምሮ እስከሞተበት እስከ 1796 ድረስ በችሎት የሰማውን በየዕለቱ ይጽፍ ነበር። የእሱና የባልደረባው የቻምበርስ ማስታወሻ ከ70 ጥራዝ በላይ ነው። ስለ ባልደረቦቹ ሐሜት፣ ስለ ሙስናና ለሌላ ዓይን የማይሆነውን ነገር ሃይድ የሚጽፈው በአጭር ጽሕፈት ምልክት ነበር። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ተመራማሪዎች ምልክቱን ፈትተው ማንበብ ችለዋል። ኦፊሴላዊው መዝገብ የማይነግረንን የሚነግረን ይህ ነው።

ናንዳኩማር የተፈረደበት አሮጌው የፍርድ ቤት ሕንፃ በ1792 ፈረሰ፤ በቦታው የቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1862 በከፍተኛ ፍርድ ቤት ተተካ፤ እሱም በ1872 የቤልጂየሟን ኢፐርስ የጨርቅ ነጋዴዎች አዳራሽ አስመስለው ወደ ሠሩለት ሕንፃ ገባ። የከንቲባው ፍርድ ቤት ግልባጮች ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ፣ የሃይድ ጥራዞች በካልካታ ቪክቶሪያ መታሰቢያ ይገኛሉ። ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ዛሬም የከተማዋን ነጋዴዎች ሙግት ከሥር ጀምሮ የሚያይ ክፍል አለው፤ ሥልጣኑም የሚመዘዘው ከዚያው ከ1774ቱ ችሎት ነው።